አውሮፕላን የማያርፍበት ዲዩቲ ፍሪ

ሐሙስ ንጋት፣ አዲስ አበባ

ገና ወፍ ሳይንጫጫ አውቶቡስ ተራ በር ላይ ተገትሬያለሁ። በሩ ሲከፈት የሚሆነውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ትኬት የቆረጠውም ያልቆረጠውም ሻንጣውን እንደ ጋሻ ይዞ ይሮጣል። እኔም በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ወገቤ ሮጥኩ። ወንበሬ ላይ አንድ ሽማግሌ ከነዶሯቸው ተደላድለው ስላገኘኋቸው ወደ ኋላ አለፍኩ። ከሽማግሌ ጋር በዶሮ መጣላት አያምርም።

ይህን ጉዞ ያመጣብኝ ወርክሾፕ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በአሠራር ለውጡ፣ በቢፒአር የሚታመስበት ጊዜ ነው፤ ወርክሾፕ ያልተቀመጠ ሰው ሥራ እንደ ፈታ ይቆጠራል። ርዕሱ የገበያ ውህደት ነበር። የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች አንድ ገበያ ሲሆኑ ዕቃ ያለ ቀረጥ ከአገር አገር ይዘዋወራል ተባለ። ተናጋሪው ቀጠሉና፣ ቀረጥ ከቀረ ኤርፖርት ውስጥ ያለው ከቀረጥ ነፃ ሱቅ ምን ሊሸጥ ነው፣ ዕጣው መዘጋት ነው አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ እጄን አውጥቼ “መንገደኛውስ? ቤቱ ምን ይዞ ይግባ?” ብዬ ብጠይቅ የሻይ ሰዓት ደርሷል ተባልኩ። ወይ ጉድ! የጋዜጣችን አዘጋጅ ይህን ሲሰማ “መልሱን ራስህ ፈልገህ ጻፈው” አለኝ።

ሶዶን የመረጥኩት አንድ የሥራ ባልደረባዬ በነገረኝ ነገር ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን በማያርፍበት በሶዶ፣ ገበያው መሀል “ዲዩቲ ፍሪ” የሚል ታፔላ የሰቀለ ሱቅ አለ አለኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰምቶ የሚቀመጥ ጋዜጠኛ ጡረታ ይውጣ።

ረፋድ፣ ቡታጅራ

ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ወደ ሠላሳው የተጠጋች ትመስላለች። ጂንስ ሱሪ፣ ነጭ ሸራ ጫማ፣ ከላይ ነጠላ። ጣቶቿ በበረኪና የተበሉ ናቸው፤ ቆዳው ተልጦ ቀልቷል። መሠረት እላታለሁ፤ እውነተኛ ስሟ ግን ሌላ ነው። ከቤሩት ትናንት እንደገባች፣ አገሯ ቦምቤ እንደሆነ፣ እናቷ ቅቤ ነጋዴ እንደሆኑ በየመሀሉ ነገረችኝ። አማርኛዋ የወላይታ ዜማ አለው፤ ደስ ይላል። ከእጅ ቦርሳዋ በቀር ምንም አልያዘችም። ሻንጣሽስ ብላት “ከኋላ ይመጣል፣ ጋሼ” አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች። ከኋላ ይመጣል የተባለ ሻንጣ ብዙ አውቃለሁ።

ቡታጅራ ለቁርስ ወረድን። ፍርፍሩ ሰሐን ሙሉ ነው፣ ዋጋው ደህና፣ በርበሬው ግን ዕንባ ያስመጣል። ሾፌሩ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ አዲሱ አስፋልት ሲያወራኝ፣ ድሮ በዚህ መንገድ ጭቃ ውስጥ ያድር እንደነበር፣ አሁን መንገዱ ሲስተካከል ደግሞ የጎማው ዋጋ ሰማይ መውጣቱን አማረረ። የመጣሁበትን ጉዳይ ብነግረው ፊቱ በራ። ይዋሐድ፣ ዛሬውኑ ይዋሐድ፣ ጎማ ይርከስልኝ እንጂ ሌላው የራሱ ጉዳይ ነው አለ። ወርክሾፑ ላይ ቢጋበዝ ኖሮ ከሁሉም በላይ የሚሰማ ሰው እሱ ነበር።

መሠረት ሻይ ብቻ ጠጣች። ልጋብዝሽ ብላት ሆዴ ሞልቷል አለች። ሆዷ በምን እንደሞላ ያኔ አላወቅኩም።

ከቀትር በኋላ፣ አረካ

ሆሳዕናን አልፈን ስንወርድ አፈሩ ይቀላል፣ እንሰቱ ይበዛል። ከየጎጆው ጓሮ ሰፋፊው ቅጠል ወደ መንገዱ ይጎነበሳል። ሰው በሰው ላይ የሰፈረበት አገር ነው፤ አንድ የማሳ ጥግ ባዶ ሆኖ አታይም።

ረዳቱ “አረካ ወራጅ! ቦምቤ የምትሄዱ እዚህ!” ብሎ ጮኸ። ቦምቤ ከአረካ ወደ ምዕራብ ነው፤ የቦምቤ ሰው እዚህ ወርዶ ሌላ መኪና ይይዛል። መሠረት ግን አልተነሳችም። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ከመስኮቱ ሸሸች። ውጭ ሙዝና አቮካዶ የሚሸጡ ሴቶች መኪናውን ከበውታል፤ ከመካከላቸው የሚያውቃት እንዳይኖር መፍራቷ ነው።

“አገርሽን አለፍሽው እኮ” አልኳት።

“ጋሼ፣ ባዶዬን ነው የመጣሁት” አለች። ከዚያ በኋላ ሳትቋረጥ ነገረችኝ። አሠሪዋ አንድ ቀን ተነስታ በቃሽ አለቻት። በለበሰችው ልብስ መኪና ውስጥ አስገቧት። በየወሩ አንድ አንድ ዕቃ እያለች የሞላችው ሻንጣ እዚያው አልጋዋ ሥር ቀረ። የወሰዳት ሰውዬ ፓስፖርቷን ይዞ እስከ አውሮፕላኑ በር ሸኛት፤ ከቀረጥ ነፃውን ሱቅ በመስታወት አየችው እንጂ እግሯ አልገባም። ሱሪዋ እጥፋት ውስጥ የሰፋቻት ትንሽ ዶላር ግን አልተያዘችባትም።

“ትሪፖሊ ሄደው፣ ቤሩት ሄደው የመጡ የሰፈራችን ልጆች ሁሉ የዚያን ሱቅ ፌስታል ይዘው ነው የሚገቡት። እናቴ በሰው ፊት ምን ትሁን? ጎረቤት ተሰብስቦ እጄን ሲያይ እናቴ ወዴት ትመልከት?”

ዋናው ነገር ጤና ነው ልል ነበር፤ ይህ አባባል ያጽናናው ሰው አላውቅምና ዋጥኩት። ታዲያ ሶዶ ምን ልታደርጊ ነው ብላት፣ ገበያ ውስጥ አንድ ሐጂ አሉ፣ ሱቃቸው ዲዩቲ ፍሪ ይባላል አለችኝ። ለካ ሁለታችንም ወደ አንድ ሱቅ ነበር የምንሄደው።

አመሻሽ፣ ሶዶ

ዳሞታ ተራራ ራሱን በደመና ሸፍኖ ተቀበለን። ባጃጅ ይዘን ገበያው አጠገብ ወረድን። በጨርቅ ተራና በሳሙና ተራ መሀል፣ በር ብቻ የምታህል ሱቅ። ታፔላዋ ላይ በቀይ ቀለም “ዲዩቲ ፍሪ፣ ሁሉም ዓይነት አለ” ይላል።

ባለቤቱ ሐጂ ነስሩ ናቸው፤ ይህም ስም እኔ ያወጣሁላቸው ነው። አባታቸው ከስልጤ ጨርቅ ተሸክመው ወደዚህ አገር የመጡ ነጋዴ ነበሩ። እሳቸው እዚሁ ተወልደው ወላይትኛውን ከባለአገሩ እኩል ይናገሩታል። ጢማቸው በሂና ቀልቷል፣ ሳቃቸው ቅርብ ነው። መሠረትን ገና ሲያዩ ማንነቷን አልጠየቁም። በርጩማ አቀረቡላትና “ከየት ነው፣ ልጄ?” አሉ። ቤሩት ስትላቸው ጣታቸውን ወደ ግድግዳው አነሱ።

ግድግዳው ላይ ምስማር በምስማር ተደርድሯል፤ በየምስማሩ ያገለገለ የኤርፖርት ፌስታል ተንጠልጥሏል። ይህ የጅዳ ነው፣ ይህ የዱባይ፣ ይህ የቤሩት። ታጥበዋል፣ እንደ ሸሚዝ ተስተካክለዋል። አንዳንዱ ከጓደኛው በቁመት ያጥር ነበር፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። በቤሩት ምስማር ላይ አንድ ብቻ ቀርታ ነበር፣ ቢጫ፣ እጀታዋ በክር የተጠገነ።

ሐጂ አሠራር አላቸው። ምን ትፈልጊያለሽ አይሉም፤ ስንት ቤት ነው የምትደርሺው ይላሉ። መሠረት ቆጠረች። እናቷ፣ አጎቷ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ አዋላጇ ጎረቤት፣ የአክስት ልጆች። ለእናት ሻርፕ፣ ለአጎት የእጅ ባትሪ፣ ለሽማግሌው ባለ ሳጥን እስክሪቢቶ፣ ለጎረቤት ቅባትና ሳሙና፣ ለልጆች ከረሜላ አወጡ። ዕቃው ሁሉ ከመርካቶ በአይሱዙ የመጣ ነው። መሠረት አንዲት ሽቶ ስታነሳ ሐጂ ቀስ ብለው ከእጇ ወሰዱ፤ ይህ የጅዳ ሰው የሚያመጣው ነው፣ ከቤሩት ነው ብትይ ያውቁብሻል አሏት።

እኔ እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ከሦስት መቶ በላይ ኪሎሜትር ባልነዳም ቀኑን ሙሉ ተንጠልጥዬ የመጣሁት ማጭበርበር ለማየት ነው? ሰው ያልሄደበትን ሱቅ ፌስታል መሸጥ ምን ይባላል አልኳቸው፣ ድምፄም ሳይታወቀኝ ከፍ ብሏል። ሐጂ አልተቆጡም። ለፌስታሉ ዋጋ እንደማያስከፍሉ፣ ዕቃውንም ከጎረቤት ሱቅ በማይበልጥ ዋጋ እንደሚሸጡ ነገሩኝና የሱቁን ስም ታሪክ አወሩኝ። ሐጅ አድርገው ሲመለሱ ለዘመድ ሁሉ ሽቶ አመጡ። ሰው ሽቶውን አመስግኖ ተቀበለ፤ ፌስታሉን ግን ለመውሰድ ተሻማ። አንዷ አክስታቸው መጽሐፍ ቅዱስ እንደሚያዝ በሁለት እጇ ይዛ ወጣች፣ እሷ እንኳ ቁርዓን የምትቀራ ነበረች እያሉ ሳቁ። ያን ቀን ሰው የሚወደው ምን እንደሆነ ገባቸው።

ስለ ገበያ ውህደቱ ጠየቅኳቸው። ነጋዴ ናቸው፣ በደንብ ሰምተውታል። እጃቸው ዕቃ እያጠፈ እንዲህ አሉ፦ “ቀረጡ ይቅር፣ ዕቃው ይርከስ፣ አላህ ያርገው። ሻርፑ ሶዶም ቤሩትም አንድ ዋጋ ይሁን። ሰው ግን እናቱ ዘንድ ባዶ እጁን አይገባም። እኔ የምሸጠው እሱን ነው።”

ከዚያ ሻማ ለኮሱ። የፌስታሏን አፍ አጥፈው በብረት መጋዝ ምላጭ ጥርስ ላይ አደረጉና ጠርዙን በነበልባሉ ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉት። ቆሎ የሚያሽጉ ሴቶች የሚያደርጉት ነው። ላስቲኩ ቀለጠና ተጣበቀ፤ ስፌቱ ላይ የመጋዙ ጥርስ ምልክት ተሰልፎ ቀረ። እነሆ፣ ከኤርፖርት የመጣ እሽግ!

መሠረት ለማደር ወደ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ቤት ልትሄድ ስትል፣ ጋሼ ነገ አብረኸኝ ና አለችኝ። ሰው አጠገቤ ካለ ጥያቄው ይቀንስልኛል ብላ ነው። አልዋሽልሽም አልኳት። አትዋሽ፣ ዝም ብለህ ብቻ ቁም አለች። ሌሊቱን ፔንሲዮን ውስጥ ስገላበጥ አደርኩ፤ በቁንጫውም በነገሩም።

ዓርብ፣ ቦምቤ

ጠዋት በሚኒባስ አረካ፣ ከአረካ ደግሞ በአቧራ መንገድ ቦምቤ። መኪናው ውስጥ የሰው ዓይን ሁሉ መሠረት ጭን ላይ ባለችው ቢጫ ፌስታል ላይ ነው። አንዱ “ከቤሩት ነው?” አለ፣ ሌላዋ እንኳን ደህና መጣሽ አለች። ትናንት ፊቷን የሸፈነችው ልጅ ዛሬ ቀና ብላ ተቀምጣለች። የላስቲክ ሥራ ነው እንግዲህ፤ ትናንት የጮህኩት ሰውዬ ዛሬ ምን ልበል?

ከከተማው ወጣ ብሎ በእንሰት መሀል ያለ ቤት ደረስን። ወሬው በምን እንደቀደመን አላውቅም፣ ጎረቤት ተሰብስቧል። “ሳሮ! ሳሮ!” ይላል ሁሉም፣ ሰላም ነው ወይ ማለት ነው። እናቷ እማማ ማርታ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፈጣን ሴት ናቸው። በገበያ አማርኛ “ልጄ መጣ! ጌታ ይመስገን፣ ልጄ መጣ!” አሉኝ፣ ሴቷን ልጅ በወንድ እየጠሩ። ልጃቸውን አቅፈው ብዙ ቆዩ። ቀጥሎ ወደ ጓዳ ገቡና በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው ወጡ። ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ ዓመቱን ሙሉ ከሴቶች ማኅበራቸው ጋር የሚያጠራቅሙት ቅቤ ነው። ጊፋታ ገና ሩቅ ነበር። ከላዩ ዝቀው የልጃቸውን ጠጉር ቀቡ። መሠረት ዓይኗን ጨፍና ቅቤው በግንባሯ ሲወርድ አልጠረገችውም።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጸለዩ። ረጅም ጸሎት ነበር፤ በመሀሉ አውሮፕላን የምትለዋን ቃል ለይቻለሁ። አሜን ከተባለ በኋላ የሁሉም ዓይን ወደ ፌስታሏ ዞረ። መሠረት ተነስታ በሁለት እጇ ለእናቷ ሰጠች።

እማማ ማርታ ፌስታሏን ተቀበሉ፣ አፏን አዩ፣ ወዲያው ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ከዚያ ቢላ አንስተው ከስፌቱ ዝቅ አድርገው ቆረጡና ቁራጩን እሳት ውስጥ ጨመሩ። ላስቲክ ሲቃጠል ክፉ ሽታ አለው፣ አንዱ ሕፃን አስነጠሰው። ምን አስቸኮላቸው አልኩ በሆዴ። ዕቃው ወጣ። አጎት ባትሪያቸውን አብርተው የራሳቸውን መዳፍ አዩ። ሽማግሌው እስክሪቢቶውን ኪሳቸው ላይ ሰኩ። አዋላጇ ቅባቱን አሽትተው “ሎኦ” አሉ፣ ጥሩ ነው ማለት ነው። ሻርፑን እናትዬው ለብሰው አንድ ጊዜ ዞሩ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከእንሰት የሚሠራው ሙቿ በቅቤና በቃሪያ ድቁሱ በዳታ ቀረበ፣ እኔም ወገቤን ረስቼ በላሁ።

ጎረቤት ሲበተን ሦስታችን ቀረን። መሠረት ልትናገር አፏን ከፈተች። እናቷ ቀደሟት።

“ሐጂ ደህና ነው?” አሉ።

መሠረት ቀና አለች። እማማ ማርታ ቢጫዋን ፌስታል ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው እያስተካከሉ ነበር።

“ጥርስ ያለው ፌስታል ከኤርፖርት አይመጣም። አንቺ በሰው የላክሽውን ፌስታል ሁሉ እኔ አጥቤ ለሐጂ ነው የምሰጥ። እሱ ሳሙና ይሰጠኛል። የዚህን መንደር ፌስታል ሁሉ እሱ ነው የሚወስድ።”

ስፌቱን ያቃጠሉት ለዚህ ነበር። ከተሰበሰቡት ሴቶች ግማሾቹ የሐጂን መጋዝ ጥርስ ያውቁታል፤ እሳቸው ራሳቸው እንዳወቁት አጠገባቸው ያለች ማንኛዋም ሴት ልታውቀው ትችል ነበር። ታዲያ ጎረቤት ካወቀ ምን ዋጋ አለው ብዬ ጠየቅኳቸው። ማወቅ ሌላ፣ ማየት ሌላ ነው አሉኝ። ሰው የሚያውቀውን ይሸፍንልሃል፣ ያየውን ግን ያወራል።

መሠረት እናቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ ቅቤው የእናቷን ቀሚስ አበላሸው። ስለ ሻንጣው፣ ስለ አልጋው ሥር፣ ስለ ሰውዬው ሁሉን በወላይትኛ ነገረቻቸው። ብዙው አልገባኝም። የገባኝ እናቷ እነዚያን የተላጡ ጣቶች አንድ በአንድ እያነሱ ቅቤ ይቀቡ እንደነበር ነው። እኔም አልቅሻለሁ፤ ጭሱ ነው ብል የሚያምነኝ የለም።

ልሰናበት ስነሳ እማማ ማርታ ፌስታሏን አጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡ። “ሶዶ ታልፋለህ አይደል? ለሐጂ ስጥ። ሌላ ልጅ ባዶውን ይመጣል።” ሳሙናዎንስ ብላቸው ሳቁ። ሳሙናው ለዚያች ልጅ ይጨመርላት አሉ።

ቅዳሜ፣ ሶዶ

ዓርብ ማታ አረካ አደርኩና ጠዋት ሚኒባስ ያዝኩ። ፌስታሏ ባዶ ናት፣ ጭኔ ላይ ነች። ከጎኔ የተቀመጠው መምህር ከየት አገር ነው ጋሼ አለኝ፣ በአክብሮት። ከቦምቤ አልኩት። ሳቀ፣ አላመነኝም። ጠጋ ብሎም ቦታ ለቀቀልኝ። ወገቤ አመሰገነው።

ገበያው ሞልቷል። ሐጂ ሱቃቸው በር ላይ ከባለአገር ሴቶች ጋር ይከራከራሉ፤ ሁሉም የታጠፈ ላስቲክ በእጃቸው ነው። መልእክቱን ነገርኳቸው፣ ሳሙናውንም። ሲሰሙ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። ማርታ እንዴት ያለች ሴት ናት አሉ።

ልጽፈው እንደሆነ ነገርኳቸው። ስማቸውን እንደምቀይር፣ ግን ከተማውን እንደማልደብቅ። ሐጂ ጻፍ፣ ጋዜጣህ ቦምቤ አይደርስ ብለው አፌዙብኝ። ለዚያ አዳራሽ ለሳቀው ሁሉ ግን የኤርፖርቱ ሱቅ ሊዘጋ እንደሚችል፣ የእሳቸው ግን እንደማይዘጋ ጻፍልኝ አሉ። ጽፌላቸዋለሁ።

ፌስታሏን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አነሷት። የተቆረጠውን ጠርዝ በመቀስ አስተካከሉ፤ በጣት ስፋት ያህል አጠረች። የአንዳንዱ ፌስታል ቁመት ለምን እንደሚያንስ ያኔ ገባኝ። ሐጂ በስንዝራቸው ለኩና በቤሩት ምስማር ላይ ሰቀሏት።

“ይቺ ገና ሁለት ልጅ ለየእናታቸው ታደርሳለች” አሉ።